የሊቀ መኳሱ አማች

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ ኮሶዬ ሲደርስ “እስቲ አንድ ጊዜ ቁሙልኝ” ሳይል አያልፍም። መሬቱ በአንድ ወገን ድንገት ያልቅና ገደሉ ይጀምራል። ከታች ቆላው ጭጋግ ለብሶ ይተኛል፤ አምባዎቹ ከጭጋጉ በላይ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ይላሉ። ጭላዳዎቹ ደግሞ ሰው መጣ አልመጣ ሳይሉ ሣራቸውን ይነጫሉ። እግዚአብሔር ሲፈጥር እጁ ያልሰሰተበት ቦታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ለአንድ ወንድማችን ጋብቻ ወደ ደባርቅ ስንሄድ እዚያው ቆምን። አብረውን የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአካባቢውን ታሪክ የሚወዱ አባት ናቸው። ወደ ሰሜን በከዘራቸው እያመለከቱ፣ “ከዚህ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ዳባት፣ ከዚያ ደባርቅ፣ ከዚያ ሊማሊሞ። የጥንቱ የምፅዋና የአድዋ ቅፍለት ጎንደር የሚገባው በዚሁ ነበር። እንግሊዛዊው ሊቀ መኳስም የሞተው ወደዚያ ወደ ደባርቅ ነው፤ ታውቃላችሁ ልጆቼ?” አሉን።

እኛ አናውቅም ነበር። ባለቤቴ፣ “እንግሊዛዊ ሊቀ መኳስ አባቴ? እንዴት ሆኖ?” አላቸው።

ሽማግሌው ታሪኩን እስከ ደባርቅ አወጉን፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ሁሉ ስከታተለው ኖሬአለሁ። ሰውየው ዮሐንስ ቤል ይባላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወደ አገራችን የመጣው በ1840ዎቹ ነው። መጀመሪያ ራስ ዓሊን አገለገለ፤ በኋላ የቋራው ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ከእርሱ ጋር ሆነ። የአገሩን ሴት አገባ፣ የአገሩን ልብስ ለበሰ፣ ሊቀ መኳስ ተብሎ ተሾመ። ሊቀ መኳስ ማለት በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደ ራሱ የሚስብ ሹም ነው። በሌላ ሰው ፋንታ ለመሞት የተዘጋጀ ሰው ማለት ነው፤ ይህን ለክርስቲያን አንባቢ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። በ1860 ጓደኛው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ በሸፈቱ ሰዎች እጅ ቆስሎ ሞተ። በዚያው ዓመት ቤልም ንጉሡን ሲከላከል በደባርቅ አካባቢ ወደቀ። ቴዎድሮስም በበቀል ብዙ ሰው አስገደለ።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ “ልጆችስ ነበሩት?” ብሎ ጠየቀ። የእኔም ጽሑፍ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ልጆች ነበሩት። ሱዛን የምትባለው ሴት ልጁ አባቷ ከመሞቱ በፊት ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ለሚባል ስዊዘርላንዳዊ ወጣት ተድራ ነበር። ስለ ቤል ብዙ ተጽፏል። ስለ አማቹ ግን በቤተ ክርስቲያናችን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችንን ስጠይቅም አንድም የሚያውቀው አላገኘሁም። ረጅም ዘመን የኖረ፣ እጁ ሥራ የማይፈታ፣ አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላ በር የሚያበጅ ባለ ትዳር ሰው ነው።

ዋልድማየር የተወለደው በ1832 ነው። የተማረው በባዝል ከተማ አጠገብ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ባለው በቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ሠራተኞች ማሠልጠኛ ነበር። ይህን ቤት በ1840 ያቋቋመው ስፒትለር የሚባል ሰው ሲሆን፣ ሐሳቡ ለዛሬም ቢሆን የሚጠቅም ነው፤ ወንጌልን የሚሰብክ ሰው በእጁ ሠርቶ የሚበላበት ሙያም ይኑረው የሚል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበር ሁሉ ማለት ነው። እነዚህን የእጅ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መላክ ይቻላል ብሎ ያሰበው ደግሞ ሳሙኤል ጎባት ነበር። ጎባት በ1830 ጎንደር ደርሶ ከካህናትና ከሊቃውንት ጋር በቅዱሳት መጻሕፍት ላይ የተወያየ፣ በኋላም በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንቶች ጳጳስ የሆነ ሰው ነው። መጀመሪያ ፍላድና ጓደኞቹ ገቡ፤ ጥቂት ቆይቶ ዋልድማየርና ሳልሙለር ተከተሉ። በጓዛቸው ውስጥ የጎጃሙ አቡ ሩሚ የተረጎመውና በ1840 ተሟልቶ የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረበት።

ቴዎድሮስ መጽሐፉን አልጠላም። አብልጦ የፈለገው ግን እጃቸውን ነበር። ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው በጋፋት አሰፈራቸው። እዚያ ጋሪ ሠሩ፣ ብረት ቀጠቀጡ፣ ለአገሩ ወጣቶችም ንባብና የእጅ ሙያ አስተማሩ። ጋፋት በዚያን ጊዜ አንጥረኛ ፊቱ በማይታይበት አገር ውስጥ ያለች መንደር መሆኗን አንርሳ። ብረት የሚሠራ ሰው “ቡዳ” እየተባለ ሲሸሽ፣ ንጉሡ ራሱ እየመጣ ከእሳቱ አጠገብ ይቆም ነበር። ዘፀአት ላይ እግዚአብሔር በመንፈሱ የሞላው ባስልኤል የወርቅ፣ የብርና የናስ ሠራተኛ መሆኑን ሰባኪዎቻችን ቢያነሡልን ምናለ እላለሁ አንዳንዴ። ዛሬም ቢሆን “ባለ እጅ” የሚለው ቃል በአንዳንድ ቤት ለጋብቻ ምርመራ ይነሣል፤ በአማኞች ቤት ሳይቀር።

ከዚያ የመድፉ ነገር መጣ። ንጉሡ ቦምብ የሚወረውር ትልቅ መድፍ ሥሩልኝ አለ። አናውቅበትም አሉ። እርሱም “አታውቁም” የሚለውን መልስ የሚቀበል ሰው አልነበረም። ሞከሩ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ።

ባለቤቴ የብረታ ብረት ሥራ አስተማሪ ነውና ይህን ክፍል ሳነብለት ከወንበሩ ተነሣ። “አየሽ፣” አለኝ፣ “የቀለጠ ብረት የሚፈስስበት የጭቃ ሞልድ ውስጥ ትንሽ እርጥበት ከቀረ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይፈነዳል። የቀለጠውን ሁሉ ፊትሽ ላይ ይረጨዋል። ደግሞ ከየእቶኑ የሚመጣው ሳይበርድ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት። እነዚህ ሰዎች ፋብሪካ የላቸው፣ የጡብ ምድጃቸውን ራሳቸው ሠርተው ነው!” እያለ ማታውን ሙሉ ወረቀት ላይ እቶን ሲስል አመሸ። እኔ ራቱ ቀዘቀዘ እላለሁ፤ እርሱ ስለ ወናፍ ያወራል።

መጨረሻ ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነበር። ከዋልድማየርና ከሳልሙለር ጋር በማቅለጡ ሥራ ዋነኛ ከነበሩት አንዱ በጌታ ያመነ የፖላንድ አይሁዳዊ ሞሪትዝ ሃል ነው። (የሞሪትዝ ሃል ሚስት የኤድዋርድ ዛንደርና የኢትዮጵያዊት ሴት ልጅ ነበረች። ዛንደር የስሜኑን ደጃዝማች ውቤን ያገለገለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነው፤ በ1855 ቴዎድሮስ በነገሠባት በደረስጌ ማርያም ሕንፃ ላይም እጁ እንዳለበት ይነገራል። የእነ ሃል ልጅ ማግዳሌና ስሟን ያገኘችው ከመቅደላ ነው፤ ታዋቂው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው። የስሜንና የጎንደር ደም የት የት እንደ ደረሰ ማን ያውቃል!)

አሁን እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ወንጌል ይዞ የመጣ ሰው መድፍ ሠራ። በምስክርነት መድረክ ቢሆን ይህን ክፍል እንዘልለው ነበር፤ “ብዙ ፈተና አለፈ፣ ጌታ ግን አሻገረው” ብለን። ንጉሡ እንዳስገደዳቸው እውነት ነው። ሥራው ሲሳካ ደስ እንዳላቸውም እውነት ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ማታውን ሙሉ እቶን ሲስል ያየሁት ደስታ ማለቴ ነው። ባለ ሙያ ሰው እጁ የቻለውን ሲያይ ለምን እንደሚውል የሚረሳበት ሰዓት አለ። በዚያን ጊዜ በንጉሡ እጅ ታስረው የነበሩት ሌሎች አውሮፓውያን የጋፋት ሰዎችን ወዳጅ ሆናችሁበት እያሉ ይወቅሷቸው ነበር። እኔ ልፈርድባቸው አልደፍርም። ልጆችና ሚስት ያለው ሰው ለንጉሥ “እምቢ” የሚልበት ድምፅ ከብቸኛ ሰው ድምፅ ይለያል።

የፍላድን ነገር ያየ ይህ ይገባዋል። በ1866 ቴዎድሮስ ፍላድን መልእክተኛ አድርጎ ወደ እንግሊዝ ሲልከው ሚስቱን ጳውሊናንና ልጆቻቸውን መያዣ አስቀረ። ፍላድ ለንደን ደረሰ፤ ነፃ ሰው ነበር። መመለስ ወደ እስር መመለስ እንደሆነ ያውቃል። በ1867 ተመለሰ። በጋብቻ ትምህርታችን ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማቸው ምሳሌዎች ከውጭ መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው፤ ደብረ ታቦር ላይ የተፈጸመው ይህ ግን አይነሣም።

ስለ ሱዛን ደግሞ ብዙ አስባለሁ። አባቷ ለንጉሡ ሞተ። ባሏ ለዚያው ንጉሥ መድፍ አቀለጠ። ይህቺ ሴት በዚያ ቤት ውስጥ ምን ትል ነበር? ባለቤቴን ስጠይቀው፣ “አንቺ ብትሆኚ ምን ትይኝ ነበር?” ብሎ ጥያቄውን መለሰብኝ። “አትሥራ አልልህም ነበር፤ እስከ መቼ እንደምትሠራ ግን እጠይቅህ ነበር” አልሁት። ዝም አለ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከወርክሾፑ በጊዜ መግባት ጀመረ፤ እኔም አላነሣሁበትም።

በ1867 መጨረሻ ወራት ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ መድፎቹን እያስጎተተ ወደ መቅደላ ተጓዘ። መንገድ በሌለበት መንገድ እየተቆፈረ፣ ገደሉ እየተናደ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ እየጎተተ፣ ወራት የፈጀ ጉዞ ነው። ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ፤ የደከመለትን ንጉሥ ግን አላዳነውም። ሚያዝያ 13 ቀን 1868፣ የአውሮፓውያን ትንሣኤ ማግሥት፣ እንግሊዞች አምባውን ያዙ፤ ንጉሡም በገዛ እጁ ሞተ። የመድፉን አምሳያ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ለብዙ ዓመታት ቆሞ አይተነዋል፤ ብዙ ሰው የጋፋትን ስም የሚያነሣው በእርሱ ብቻ ነው።

ዋልድማየር ቤተሰቡን ይዞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። አሥር ዓመት የደከመበት መንደር አመድ ሆኗል፤ የሚያገለግለው ንጉሥ ሞቷል፤ የመጣበት የወንጌል ሥራም ፈርሷል። ለእርሱ አገሩ አውሮፓ ነው፤ ለሱዛን ግን ከመቅደላ ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ ከተወለደችበት ምድር የመውጫ መንገድ ነበር። ስንቶቻችን ነን “ባሌ ወደ ተጠራበት እሄዳለሁ” የምንለው? በእኛ ጊዜ ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው መዛወር እንኳ ስንት ጉባኤ ያስጠራል!

ወደ ሊባኖስ ሄዱ። ዋልድማየር መጀመሪያ ቤሩት ውስጥ በአንድ እንግሊዛዊት ሴት የተጀመሩ ትምህርት ቤቶችን አገለገለ። በ1873 ከቤሩት በላይ በተራራ ላይ ወዳለችው ወደ ብሩማና ወጣና የራሱን ሥራ ጀመረ። ከዚያም ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ጋር ተቀላቀለ፤ ሥራውን የደገፉትም እነርሱ ናቸው። ኩዌከሮች ጦር መሣሪያ የማያነሡ፣ ጦርነትን ኃጢአት ነው የሚሉ ሕዝብ ናቸው። ሴባስቶፖልን ያቀለጠ እጅ ወደ እነዚህ ሰዎች ጉባኤ መግባቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ይህን ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ አንባቢ ባይስማማ መብቱ ነው።

ብሩማና ላይ ያሠራው መድፍ ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው፤ ለወንዶች ብቻ ሳይሆን ለሴቶችም፣ ከዚያም የሕክምና አገልግሎት ተጨመረ። እንደ ጋፋት ሁሉ ሙያና መጽሐፍ አብረው ሄዱ። ንጉሥ ቆሞ የሚያጣድፈው ግን አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ ሠራ። በ1886 የሕይወት ታሪኩ በእንግሊዝኛ ሲታተም ብዙዎች ሥራውን እንደ ጨረሰ ሳይቆጥሩት አልቀሩም፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጻፈው በሥራ ማብቂያ ነውና።

እርሱ ግን ስድሳ አራት ዓመት ሲሞላው ሌላ ነገር ጀመረ። በዚያን ጊዜ በሊባኖስ ተራሮች የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው ወደ አንድ ገዳም ዋሻ ይወሰድና በሰንሰለት ይታሰር ነበር። ጋኔን ይወጣለታል ተብሎ ነው። ከእኛ አገር ጠበል ቦታዎች አንዳንዶቹን፣ እውነቱን እንናገር ካልን ደግሞ ከእኛም የጸሎት ቤቶች አንዳንዶቹን ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ አምስት በመቃብር መካከል በሰንሰለት ይታሰር የነበረው ሰው ጌታ ካገኘው በኋላ ለብሶ፣ ልቡም ተመልሶለት ተቀምጦ ተገኘ። ዋልድማየር ለእነዚህ ሰዎች ሐኪምና አልጋ ያስፈልጋቸዋል አለ። በ1896 የብሩማናን ሥራ ለሌሎች አስረክቦ እርዳታ ለመሰብሰብ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ቤሩትና ለንደን ላይ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1900 ሆስፒታሉ በቤሩት አጠገብ አስፉሪዬ በተባለ ኮረብታማ ስፍራ ተከፈተ፤ የስሙ ሥር በዐረብኛ ወፍ ማለት ነው። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ድሩዝ ይሁን አይሁድ፣ የመጣውን ሁሉ የሚቀበል ቤት ነበር።

ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው እንግዲህ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው “አባታችን ይጸልዩልን” ተብሎ ለምርቃት ብቻ ይፈለጋል። ሥራ ሲጠይቅ “አሁንማ ይረፉ” ይባላል፤ ዕረፍቱን የጠየቀ እንደሌለ ሁሉ። እኔ የማውቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ አሉ፤ የጸሎት ቤታችን ወንበር ሲሰበር ልጆቹ ሌላ ይገዛሉ እንጂ እርሳቸውን አይጠሩም። እርሳቸው ግን በየእሁዱ ከኋላ ተቀምጠው የሚነቃነቀውን እግር ሲያዩ ዓይናቸው ከሰባኪው ላይ ይነሣል። ባለፈው እሁድ ባለቤቴ መዶሻና ሚስማር ይዞ ከስብሰባው በኋላ አጠገባቸው ሄደና፣ “ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚያዘው?” አላቸው። እስከ አንድ ሰዓት ማታ አልወጡም።

ዋልድማየር በ1915፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ዐረፈ። ለሚስቱና ለልጆቹ ብሎ ወደ እስር የተመለሰው ፍላድም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። አስፉሪዬ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት በ1982 እስኪዘጋ ድረስ ከሰማንያ ዓመት በላይ በሽተኞችን ሲያክም ኖረ። በብሩማና ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ አሁንም ተማሪ ይቀበላል።